የሩፋኤል ጠዋት የጭቃ ወሬ

ደግሞ ሌሊቱን አልጮኸም እኮ፣ ቆርቆሮው ላይ ሽው ሽው እያለ ነው ያደረው፣ እንዲህ ያለው ዝናብ ነው ጠላት፣ ዶፉማ ምን አለበት፣ ወርዶ ወርዶ በቦዩ ሄዶ ይገላግላል፣ ይሄኛው ነው ቀስ ብሎ አፈሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚተኛው፣ ከላይ ምንም ሳይመስል፣ ሰው ጉድ ሊያደርግ።

ፈለቀች ይህን የምታወጣ የምታወርደው ብስክሌቷ ላይ ሆና ነው፣ ቃሊቲን ከኋላዋ ትታ ወደ ቱሉ ዲምቱ እየነዳች፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ቀኑ ጷጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል፣ ደግሞም እሁድ። አስፋልቱ ርሷል፣ ጎማው ውሃ ይረጫል፣ ፓራፋንጎው ባይኖር ጀርባዋ እስካሁን በጭቃ ተለስኖ ነበር። ከሚኒባስ መስኮት አንገቱን ያወጣ ረዳት፣ እማማ ቀስ ይበሉ ይላታል፣ እማማ? ማንን ነው እማማ የሚለው ይሄ? ሃምሳ አራት ዓመት ምን አላት፣ ክር ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚሁ እግር ነው ሽፍት የገባችው፣ ዝናብ አይል ፀሐይ አይል፣ በብስክሌት፣ ለፋብሪካው ቡድን በምትወዳደርበት ጊዜማ እንኳን ረዳቱን ሚኒባሱንም ትቀድም ነበር። አሁንም ትቀድማለች። ጉልበቷ ዝም ካላት።

ዝም አይላትም እንጂ። ግራው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው፣ ዛሬም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሲያወራ ነበር፣ እሷ ደግሞ ቅባት ቀብታ፣ በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ትሄዳታለህ ብላው ይዛው ወጣች። ሩፋኤል ነው፣ ቀን ላይ መዝነቡ አይቀርም፣ ልጆች ጠበሉ ወረደ ብለው ራቁታቸውን ግቢ ውስጥ የሚዘሉበት ቀን ነው፣ ስለዚህ የሚነዳ ሰው ካለ ከአምስት ሰዓት በፊት ቤቱ መግባት አለበት። ይሄንን መጻፍ እንዳትረሺ።

ሥራዋ ይሄ ነው፣ ሥራ ከተባለ፣ ደመወዝ የለው ሹመት የለው። ከሳሪስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ድረስ ኮረብታና እርሻ መሐል በብስክሌት የሚነዱ ሰዎች አሉ፣ ቴሌግራም ላይ ራሳቸውን የጭቃ ልጆች ብለዋል፣ በክረምት እሁድ እሁድ አንድ ሰው ቀድሞ ወጥቶ መንገዱን ያይና ይነግራቸዋል፣ ይነዳል አይነዳም፣ በዚህ ግቡ በዚያ አትግቡ፣ እነሱ ሁለት ሰዓት ላይ የሚነሱት ያንን ይዘው ነው። ያ አንድ ሰው አራት ክረምት ሙሉ ፈለቀች ናት። ፈለቀች ደርቋል ካለች ደርቋል፣ ቃሏ መሬት ጠብ አይልም ይላሉ። ይሉ ነበር። ኧረ አሁንም ይላሉ፣ ችግሩም እሱ ነው።

ባለፈው እሁድ አልሄደችም።

በቃ፣ ይውጣ። አልሄደችም። ጉልበቷ አብጦ፣ ብርድ ልብሱ ሞቆ፣ በመስኮት ሰማዩን አየችና፣ ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር እኮ፣ እግዜር ያውቃል ብላ ነበር፣ ቀዩም ጥቁሩም አፈር ደህና ነው ግቡ ብላ ጻፈች፣ ላከች፣ ትራሷን ገለበጠችና ተኛች። አሥራ አንድ ሰው ገባ። ቀዩን አፈር አለፉ፣ ጥቁሩ ላይ ደረሱ፣ መረሬው ላይ፣ የአቃቂ መረሬ ደግሞ ከላይ ተሰነጣጥቆ ደረቅ ይመስላል፣ ከሥሩ ገንፎ ነው፣ ጎማ ላይ ይጠቀለላል ይጠቀለላል፣ ጎማው አልዞር ይላል፣ ከዚያ ብስክሌቱ አንቺን መሸከሙ ይቀርና አንቺ ትሸከሚዋለሽ። ሁለት ሰዓት ተኩል ተሸከሙ። ሐናን፣ የሳሪሷ፣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ አንድ ጫማዋን ጭቃው ዋጠው፣ ቤቷ በካልሲ ገባች። ሙህዲን፣ ከፈለቀች በር ፊት ለፊት ጎማ የሚሠራው ወፍራሙ ጎሚስታ፣ ሦስት ቀን ወገቡን ይዞ ዋለ። እና ምን አሏት? ምንም! እሱ እኮ ነው የሚያቃጥለው። ዝናብ ነው ምን ታድርግ አሉ። አንቺ ካለፍሽ በኋላ ጥሎ ይሆናል አሉ። ሙህዲንማ ሰኞ ጠዋት ወገቡን እንደያዘ ጎማዋን አየር ሞልቶላት፣ እትዬ ፈለቁ በርቺልን አላት።

በርቺልን! ቢሰድባት ምን ነበረበት።

ዛሬ ትነግራቸዋለች። ወይም አትነግራቸውም። ብትነግር ያልቅላታል፣ አልጋ ላይ ሆና መንገድ የምታይ ሴትዮ ቃሏን ማን ይሰማል፣ በሚቀጥለው እሁድ ሐናንን ይልካሉ፣ ሐናን ጉልበቷ አዲስ ነው፣ እና ፈለቀች እሁድ ጠዋት ምን ልትሆን ነው? እማማ ትሆናለቻ፣ ያ ረዳት እንዳለው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሲያልፉ እጇን የምታውለበልብ። ባትነግር ደግሞ ይሄው፣ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ ብሏታል። ኧረ በልታለች፣ አይዋሽም፣ ትናንትም ሁለቴ ነው ያስጨመረችው፣ ግን አልጣማትም።

አስፋልቱን ልቀቂ። ወደ ግራ። አሁን ዓይንሽን ክፈቺ።

ባሕር ዛፎቹ ገና ይንጠባጠባሉ፣ ቀዩ አፈር ሽታው አፍንጫ ይከፍታል፣ ኧረ እንዴት ደስ ይላል በማርያም፣ ሰው ይሄን ትቶ እንዴት ይተኛል፣ ተኝተሽ ነበር እኮ፣ ዝም በይ፣ እሺ። ትወርዳለች። ተረከዟን አፈሩ ላይ ታስቀምጥና ትጫናለች። ምልክቱ ይቀራል ግን አያበራም፣ ውሃ አይቋጥርም፣ እሰይ። የላም ኮቴ ትፈልጋለች፣ ኮቴው ውሃ ይዞ ካደረ አትግባ ነው፣ ጠርዙ ቆሞ ውስጡ ባዶ ከሆነ ግባ፣ ይሄ ባዶ ነው፣ ያኛውም፣ አራተኛው ትንሽ ረጠብ ብሏል ግን ጥላ ሥር ስለሆነ ነው። ቀዩ ጠጠር አለው፣ ውሃውን ያሳልፋል፣ ደግ አፈር ነው። የጎማችሁን አየር ትንሽ ቀንሱ፣ የዛፍ ሥር ስታገኙ በአግድም አትንኩት፣ ቀጥ ብላችሁ እለፉበት፣ የፊት ፍሬን የምትይዝ ልጅ ካለች በአፍጢሟ ትደፋለች፣ የኋላውን በስሱ። የምትነግራቸውን እንዲህ እያዘጋጀች ዳገቱን በትንሿ ማርሽ ትወጣለች፣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ ጉልበቷ ያጉረመርማል፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ የኮንዶሚኒየሙ ፎቆች ከጉም ወጥተው ይታያሉ፣ ቁልቁል ስትለቀው ደግሞ ዊይይይይ ብላ ትጮኻለች፣ ማን ይሰማታል፣ አንድ አህያ ብቻ ቀና ብሎ ያያታል፣ ምን ታያለህ ትለዋለች፣ አንተም ብትችል ታደርገው ነበር።

ጥቁሩ አፈር መጀመሪያ ላይ ፍሬን ትይዛለች። እዚህ ተረከዝ መሞከርም አያስፈልግም፣ ሁለት እርምጃ ስትሄድ ጫማዋ ሥር ሌላ ጫማ ይበቅላል። አይነዳም፣ ዛሬም ነገም አይነዳም፣ መስከረም ሲገባ ይታያል።

ከማሳው ዳር ኦቦ ሮሪሳ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ጤፉ የእሳቸው ነው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ማሳቸውን ሳይዞሩ ቁርስ አይቀምሱም። አካም ቡልቴ ፈለቄ፣ እንዴት አደርሽ፣ ይሏታል። ነጋ፣ ሰላም ነው አባቴ፣ እንኳን ለሩፋኤል አደረስዎ። እንኳን አብሮ አደረሰን። ዓይኗ ግን የጤፉ ዳር ላይ ነው፣ አንድ ክንድ ስፋት ያህል ተረጋግጦ ተኝቷል፣ የአሥራ አንድ ሰው እግር፣ ጭቃውን ሲሸሹ ነው ዳር ዳሩን የገቡት፣ አፈር ስሆን፣ ይሄንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጤፍዎን ረገጡብዎት አይደል፣ ይቅር ይበሉኝ አባቴ። ይነሳል ይነሳል፣ ይሏታል፣ ጤፍ ጎበዝ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ካገኘ ይነሳል። አንቺ ግን ባለፈው እሁድ ምነው ቀረሽ፣ አሞሽ ነበር?

ዓይኗን ከጤፉ ነቅላ ታያቸዋለች።

እንዴት አወቁ? እንዴት አላውቅ፣ ከንጋት ጀምሮ እዚሁ አይደለሁ፣ አንቺ ሳታልፊ ልጆቹ መጡ፣ እዚህ ጋ ተቀርቅረው፣ ፈለቀች እኮ ዛሬ አልፋበታለች ሲሉኝ፣ ኧረ አላለፈችም አልኳቸው፣ ብታልፍ ሰላም ሳትለኝ ታልፋለች? አልኳቸው። እነሱስ ምን አሉ? ምን ይላሉ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ያ ወፍራሙ ሰውዬማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፣ ከዚያ የልጅቷን ጫማ መፈለግ ጀመሩ።

ሳቁ። አሥራ አንዱም። ሙህዲን እንባው እስኪመጣ። ፈለቀች ብስክሌቷን እንደያዘች ትቆማለች፣ ፊቷ ይግላል፣ ጆሮዋ ሳይቀር ይግላል፣ እንግዲህ ያውቃሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ያውቃሉ፣ ዝናብ ነው ምን ታድርግ ሲሉ ያውቃሉ፣ ጎማዬን ሲሞላ ያውቃል፣ በርቺልን ሲለኝ ያውቃል፣ ይሄ ዱርዬ፣ ይሄ አስመሳይ፣ እኔስ ማን ነኝ አስመሳይ የምለው፣ እነዚህ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ ገመናዬን ሸፍነው ይዘውልኝ እኔ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ፣ ወይኔ ፈለቀች፣ ወይ መጋለጥ። ማልቀስ ያምራታል። መሳቅም። ሁለቱ ባንድ ላይ መጥተው ሳል ይሆኑባታል፣ ኦቦ ሮሪሳ ውሃ ልስጥሽ ይሏታል።

ስልኳን ታወጣለች። አትጽፍም፣ መጻፍ ያረዝመዋል፣ በድምፅ። የጭቃ ልጆች፣ እኔ ፈለቀች ነኝ፣ ትላለች፣ ማን ሌላ ልትሆን ነው፣ ስሙኝ፣ ባለፈው እሁድ መንገዱን አላየሁትም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የጻፍኩላችሁ። ጉልበቴን አሞኝ ነበር፣ ግን ጉልበት አይዋሽም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አሞኛል ማለት አፍሬ ነው። አመመኝ ካልኩ ሌላ ሰው ትልካላችሁ ብዬ ፈራሁ። ሐናን፣ የጫማሽን ነገር ማንሳት አልችልም፣ ይቅር በይኝ። ሙህዲን፣ ወገብህን። የኦቦ ሮሪሳን ጤፍ አስረግጬአችኋለሁ፣ እሳቸውን እዚሁ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እንግዲህ ሌላ ሰው ላኩ ካላችሁ ሐናን ጎበዝ ናት፣ ኮቴ ማንበብ አስተምራታለሁ፣ ቅር አይለኝም፣ ይለኛል፣ ግን ይሁን። በቃ። ሦስት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ። ጣቷን ታነሳለች፣ ተላከ።

ኦቦ ሮሪሳ ወደ ማሳቸው ተመልሰዋል። አንድ ሰው አዳመጠ። አራት ሰው። ዘጠኝ። እንግዲህ ስደቡኛ፣ ምን ትጠብቃላችሁ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኗል፣ ስልኩን ኪሷ ትከተዋለች፣ ታወጣዋለች።

ሐናን ናት። ማዘር ነቄ ነን እኮ! የዛን ቀን ነው የባነንነው፣ መቼ ትነግረናለች ብለን ተወራርደን ነበር፣ እኛ ዛሬ ትናገራለች አልን፣ ሙህዲን ብቻ እስከ መስቀል ትንፍሽ አትልም ብሎ ድርቅ አለ፣ በቃ ተበላ፣ የሁላችንንም ሳይክል ያጥባል፣ እልልልል። ከመልእክቷ ሥር ሰው ሁሉ እየተንጫጫ ይስቃል። ፈለቀች አፏን ትይዛለች፣ እነዚህ ዱርዬዎች! ተወራርደውብኛል! እስከ መስቀል አትልም? ሙህዲን እኔን? ቆይ ብቻ፣ የራሴንም አሳጥበዋለሁ፣ በጥርስ ብሩሽ ነው የማሳጥበው፣ እንባዋ ግን ወርዷል፣ በእጅጌዋ ስትጠርገው ጭቃውን ጉንጯ ላይ ትለቀልቀዋለች።

ከዚያ ሙህዲን፣ በድምፅ፣ ከኋላው የአየር መሙያው እየጮኸ። እትዬ ፈለቁ፣ ጉልበትሽን ካመመሽ አመመኝ ማለት ነው፣ አንቺ እያለሽ ሌላ ማን ይላካል፣ ወላሂ የሚገርም ነገር ነው፣ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ለፍልፈሽ ዋናውን ረሳሽው እኮ፣ እዚህ ሰው ጫማውን አስሮ ቆሟል፣ መንገዱ እንዴት ነው?

መንገዱ እንዴት ነው። ሁለቴ ታዳምጠዋለች። ሦስቴ። ሌላ ሰው ይሂድና ይይ አላለም፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ አላለም፣ እሷን ነው የጠየቀው፣ እንደ ወትሮው፣ ቁጣው ሳይቀር እንደ ወትሮው።

ቁጭ ብላ መጻፍ ትጀምራለች፣ ቀዩ ይነዳል፣ አየር ቀንሱ፣ የዛፍ ሥር ላይ ቀጥ ብላችሁ፣ ጥቁሩን ላሽ በሉት፣ ከባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ተመለሱ፣ ውሃ ያቆረ ቦታ ስታገኙ በመሐሉ እለፉ እንጂ ዳር ዳሩን ብላችሁ የሰው ጤፍ እንዳትረግጡ፣ ከአምስት ሰዓት በፊት ቤት፣ ወደ ኮንዶሚኒየሙ የምታወርደዋ ቁልቁለትም

ቁልቁለቷም ምን? ቀይ አፈር ናት፣ ከዚህ ሁሉ የምትለይበት ምክንያት የለም፣ አራት ክረምት ታውቃታለች፣ ዓይኗን ጨፍና ትወርዳታለች፣ ደህና ናት ብላ ብትጽፍ ደህና ናት፣ መቶ በመቶ። ጣቷ ስልኩ ላይ ይቆማል። ዛሬ የወረደችባት አይደለችም፣ ከዳገቱ ማዶ ናት፣ ዳገቱን መልሶ መውጣት ነው፣ ይሄ ጉልበት ደግሞ። የጻፈችውን ሁሉ ታጠፋለች።

አሥር ደቂቃ ጠብቁኝ፣ የመጨረሻዋን ቁልቁለት ገና አላየኋትም።

ትልካለች፣ ብስክሌቷን ታዞራለች።