አጥንት ሲጠየቅ

ቄስ ልደቱ በዳባት ሰው ዘንድ በእውነተኛነታቸው ይታወቃሉ። አንድ ሰሞን ግን የታመመ ወንድ ልጃቸውን ይዘው ደባርቅ ከአእምሮ ሕክምና ነርሷ ፊት ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ አንዱን ውሸት ሦስት ጊዜ ደጋገሙት።

«አባ፣ ከዘርዎ እንዲህ የታመመ ሰው ነበር?»

«የለም።»

እሁድ ከአምባ ጊዮርጊስ ሽማግሎች ለልጃቸው ለምሥራቅ ይመጣሉ፤ ሽማግሎች ደግሞ እስከ ሰባት ቤት አጥንት ይቆጥራሉ። በቤቱ እብድ አለ ከተባለ ልጅቷ ቆማ መቅረቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ የሺዋስ ከዩኒቨርሲቲ ታሞ ሲመለስ ለጎረቤት የተነገረው «ወባ ነው» ተብሎ ነበር። በዳባት ብርድ ዓመት የሚቆይ ወባ!

ሲስተር አበባየሁ ግን ታጋሽ ናት።

«አንጎላችን ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል መልእክት አድራሽ አለ» አለች። «መልእክቱን የሚቀበሉት ተቀባዮች አሠራራቸው በጂናችን ተጽፏል። የተጻፈው ሁሉ ግን እኩል አይነበብም። ሐዘን፣ ጭንቀት፣ የጦርነት ድንጋጤ አንዱን አብዝቶ ሌላውን አሳንሶ ሊያስነብብ ይችላል። ሳይንሱ ገና ጨርሶ አልደረሰበትም፤ በደም ምርመራም አይታይም። ለዚህ ነው ስለ ቤተሰብ የምጠይቅ።»

ቄሱ በልባቸው «እንደ ግጻዌ ነዋ!» አሉ። መጻሕፍቱ ሁሉ ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ በየዕለቱ የቱ እንደሚነበብ የሚለየው ግን ግጻዌው ነው። ነገሩ ገባቸው፤ የጎዳቸውም መግባቱ ነው።

የሺዋስ እስከዚያ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«አትድከሚ ሲስተር። በዘራችን የለም ተብለሻል። የተረገምሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እርግማን ደግሞ በክኒን አይድንም» አለ።

ባለፈው ሳምንት ክኒኑን ጥሎ ወደ ገደሉ አፋፍ ሲሄድ የመለሱት መንገደኞች ናቸው። ቄስ ልደቱ እሁድን አሰቡ። ምሥራቅን አሰቡ። ከዚያ የወንድ ልጃቸውን የቀጠነ አንገት አዩ።

«አለ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ቅኔ ቤት ሳሉ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ ግድግዳ ላይ አፍጥጠው ስምንት ወር ኖረዋል። እናታቸው ለአገሩ «ልጄ ሱባኤ ገብቷል» አሉ። አገሩም አምኖ እጅ ነሣቸው። በዚያ ስም ዐርባ ዓመት ተከበሩ።

የሺዋስ ቀና አለ። «ይህን እያወቁ ብቻዬን ተዉኝ?»

«ተውሁህ» አሉ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። ልጁ እጁን ዘርግቶ ሲስተር ጠረጴዛው ላይ ያኖረችውን ክኒን አነሣ።

እሁድ ሽማግሎቹ መጡ። አፈ ጉባኤያቸው የሙሽራው አጎት አቶ አሻግሬ ነበሩ። አጥንቱን ቆጥረው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አባታችን፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ ከዘርዎ አእምሮው የተነካ ሰው ይኖር ይሆን?»

«አለ። እኔም፣ ወንድ ልጄም፤ እሱን ደባርቅ አንዲት ነርስ እያከመችው ነው።»

ምሥራቅ ጓዳ ሆና ሰማች። ሽማግሎቹ ተያዩ፤ «ተመካክረን እንመለሳለን» ብለውም ተነሡ። ይህ እንቢታ መሆኑን ቄሱ ያውቃሉ፤ ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ ስንቱን ቤት በዚሁ ቃል ራሳቸው ተሰናብተዋል። የልጃቸውን ዕድል በገዛ አፋቸው ዘጉ።

ደጅ ሲደርሱ አቶ አሻግሬ ሌሎቹን አሳለፉና ወደ ኋላ ቀሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አባ፣ ልጅዎን የምታክመው ሴትዮ... ሰው የምታየው በምን ቀን ነው?»

«ለማን?»

«ለእኅቴ፣ ለሙሽራው እናት። ከቤት ካልወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። እኛ ለአገሩ ጠበል ሄዳለች ብለናል።»