ዘጠና ሰባት እጆች

ዲበኩሉ የብድር ማመልከቻውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። መቱ ላይ ጂም ሊከፍት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም «ዘጠና ሰባት በመቶ ፈላጊ አለ» ይላል።

«ማንን ጠይቀህ ነው?» አልኩት፣ እንደማላውቅ ሆኜ።

«የሰፈራችንን እድር። መቶ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ጂም ቢከፈት የምትመጡ እጅ አውጡ አልኳቸው።»

ወይ ጥናት! በምርኩዝ የሚሄዱት እትዬ ኡርጌ ሳይቀሩ ብረት ሊያነሱ ነው! የእድሩ ዳኛ እኮ የዚሁ ልጅ እናት ናቸው። ነገ ሰው ቢሞትብን ድንኳን የሚያስተክሉልን እሳቸው ናቸው። እሳቸው ፊት ልጃቸውን «አንመጣም» የሚል ጀግና እዚህ አገር አልተወለደም። ይሄ ጅል የለካው ይሉኝታችንን ነው፤ ያውም በመቶኛ!

«ከእነዚህ ውስጥ የአንድ ወር እንኳ አስቀድሞ የከፈለህ አለ?»

«የለም። ግን ቁጥር አይዋሽም፣ እትዬ ጊፍቲ። እርስዎም እኮ እጅ አውጥተዋል!»

«አውጥቻለሁ» አልኩት። «እዚህ ቢሮ ግን እናትህ የሉም።»

ማመልከቻው ላይ «አልተፈቀደም» ብዬ ጽፌ ማኅተሜን መታሁበት።