የኪዳኑ ውሃ

ሰቆጣ ውስጥ ባጃጅ ሲጠግን የሚውለው ኪዳኑና ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጠው አብዱሰመድ አብረው ዓሳ ማጥመድ የጀመሩት ገና ጢም ሳያወጡ ነው። እሁድ ኪዳኑ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ አብዱሰመድ ሱቁን ለሚስቱ ለጦይባ ትቶ ይጠብቀዋል። ውሃ መምረጥ የኪዳኑ ፈንታ ነበር። ጅረቱን እያየ ይራመድና፣ አለቱ ውሃውን ከፍሎ አረፋው የሚሽከረከርበት ጥላ ጋ ሲደርስ «እዚህ ጣል» ይላል። አብዱሰመድ ይጥላል፤ ክሩም ይወጠራል። «ኪዳኑ ውሃ ያሸታል» እያለ ለገበያተኛው ሁሉ ሲያወራለት፣ ኪዳኑ ያልሰማ መስሎ ይሰማ ነበር።

ምንዋጋው የሚባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ከባሌ ተዛውሮ ሲመጣ ይህ ሁሉ ተለወጠ። ምንዋጋው የሚገጣጠም የዓሳ ዘንግ አለው። መጋረጃ ሊገዛ አብዱሰመድ ሱቅ ጎራ ባለበት ቀን ወሬው ዓሳ ላይ ወደቀ። በማግስቱ ኪዳኑ ሲመጣ፣ እሱ ዘወትር የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ምንዋጋው ተቀምጧል።

«ና እስኪ ስማ!» አለ አብዱሰመድ ዓይኑ እያበራ። «ባሌ ትራውት የሚባል ዓሳ አለ፤ ጎኑ ነጠብጣብ የሆነ። በዶሮ ላባ ዝንብ ሠርተው ውሃው ላይ ያስጨፍሩለታል፤ እሱም ዘሎ ይቀልባታል!»

ምንዋጋው በአክብሮት ብድግ አለ። «ትራውት ድፍርስ ውሃ አይወድም፣ ጋሼ ኪዳኑ። እዚያ ባሌ፣ ዲንሾ ያሉት ወንዞች ጠጠራቸው ይቆጠራል፤ ቅዝቃዜያቸው አጥንት ይነካል። እዚህ ደጋው ላይ እንዲህ ያለ ጅረት ይኖር ይሆን? ትራውት ባይኖርበት እንኳ ላባ የሚያነሳ ዓሳ አይጠፋም።»

«እዚህ ያለው አምባዛ ነው» አለ ኪዳኑ። «አምባዛ ደግሞ ላባ አይበላም።»

ነበር ግን። ደሃና ውስጥ፣ በእግር እንጂ በመኪና የማይደረስበት፣ ከምንጭ የሚወጣ ቀዝቃዛ ጅረት ነበር። ማለዳ ነጫጭ ዓሶች እየዘለሉ ዝንብ ይቀልቡበታል። ኪዳኑ አንድ ቀን አብዱሰመድን አስደንቅበታለሁ ብሎ ነበር ያቆየው። አሁን ግን ቃሉ ከአፉ እንዳያመልጥ ጥርሱን ነከሰ።

ከዚያ ወዲህ እሁዱ የሦስት ሰው ሆነ። አብዱሰመድ ከምንዋጋው ጎን አይለይም፤ «እጅህን እንዴት ነው የምታዞረው?» ይለዋል፣ እንደ ተማሪ። ኪዳኑን ከሁሉ ያንገበገበው ስሙ ነው። ከልጅነት ጀምሮ አብዱሰመድን «አብዱ» ብሎ የሚጠራው እሱ ብቻ ነበር። አንድ እሁድ ምንዋጋው «አብዱ፣ ክሩን ልቀቀው!» ሲል ሰማ። አብዱሰመድም ሳይከፋው ለቀቀ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ምንዋጋው አዲስ ውሃ እንይ አለ። ኪዳኑ ወደ ፃግብጂ በኩል፣ ዓሳ እንደሌለበት አሳምሮ ወደሚያውቀው ገደላማ ወንዝ ይዟቸው ሄደ። ያ ልጅ አንዴ እንኳ ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት ፈልጎ ነው። ሁለቱ ወርደው መሃል ወንዝ ካለ አለት ላይ ተቀመጡ፤ እሱ «እግሬን አሞኛል» ብሎ አፋፉ ላይ ቀረ። እንዳሰበውም አንድም ዓሳ አልያዙም። ግን ማን ግድ ሰጠው? ምንዋጋው የሆነ ነገር ያወራል፤ አብዱሰመድ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ለእኔ እንዲህ ስቆልኝ አያውቅም፣ አለ ኪዳኑ በልቡ።

ቀና ሲል ከወንዙ ራስ በላይ ሰማዩ ጠቁሯል። እነሱ ያሉበት ፀሐይ ነው፤ ከላይ ግን እየዘነበ ነው። ደራሽ ጎርፍ እንዲህ እንደሚመጣ ኪዳኑ አይጠፋውም። ሊጣራ አፉን ከፈተ። ከታች ሌላ ሳቅ ተሰማ። አፉን መልሶ ገጠመ። ይሳቁ። ትንሽ ይደንግጡና ውሃ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ይለይ።

ወንዙ ሲያጓራ ግን ነፍሱ ከላዩ ወጣች። «አብዱ! ውጣ! ደራሽ!» እያለ ቁልቁል ሮጠ። ምንዋጋው አብዱሰመድን ወደ ዳር ገፋው፤ ኪዳኑም እጁን ይዞ ጎተተው። ምንዋጋውን ራሱን ግን ጎርፉ ወሰደው። ትንሽ ዝቅ ብሎ የሾላ ሥር እንደጨበጠ ደርሰውበት፣ የአብዱሰመድን ሽርጥ ወርውረውለት ተጋግዘው አወጡት። እግሩ ተሰብሮ ነበር።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ አብዱሰመድ ዞሮ አየው። «ደመናውን መቼ አየኸው?»

«ያኔ... ስጮህ።»

«አንተ? ውሃ የምታሸተው?» አለ አብዱሰመድ። ጥሎት ገባ።

ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፈዋል። በርጩማዋ ከሱቁ በር አልተነሳችም፤ ኪዳኑ ግን ሄዶ ሊቀመጥባት አልደፈረም።

መስከረም ላይ ምንዋጋው በክራንች እየተደገፈ፣ ከዘንጉ የተረፈውን ቁራጭ ይዞ ጋራዡ መጣ። «ይህን ይቀጥሉልኝ ይሆን ብዬ ነው፣ ጋሼ። ደግሞ ሳላመሰግንዎት ቆየሁ። አብዱ ነግሮኛል።»

«ምን ብሎ?» አለ ኪዳኑ።

«እሱ ፈጥኖ ባይጮህ ኖሮ ሁለታችንም አልቀን ነበር ብሎ።»

ኪዳኑ ዘንጉን ተቀበለና ስብራቱን ሲያገላብጥ ቆየ። አብዱሰመድ ገበናውን ሸፍኖለታል። ያን እያወቀ እንኳ «አብዱ» የምትለዋ ቃል ወጋችው። በመጨረሻ «ደሃና አንድ ውሃ አለ» አለ። «ላባ የሚያነሳ። እግርህ ሲጠና ሂዱበት፤ መንገዱን እነግርሃለሁ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ሥራ አለብኝ።»

ጥቅምት ላይ ሁለቱ ሄዱ። ያን እሁድ ኪዳኑ ሥራ ባይኖረውም ጋራዡ ገብቶ አንዱን ብሎን ሲፈታና ሲያስር ዋለ። አሁን ደረሱ፤ አሁን ውሃውን አየው፤ አሁን ሳቀ፤ እያለ ራሱን በላ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አብዱሰመድ በልጥ የታሰሩ ዓሶች አንጠልጥሎ ብቻውን መጣ።

«ይህን ውሃ ስንት ዓመት ነው የደበቅከኝ?»

«ለአንተ ያቆየሁት ነበር።»

አብዱሰመድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። «ያን ቀን ያደረግኸውን አልረሳሁትም፣ ኪዳኑ። ለልጁም አልነግረውም። አሁን ደግሞ በባዶ ሆዴ ልሟገትህ አልችልም።»

ኪዳኑ ቢላዋ አመጣ። የመጀመሪያውን ዓሳ ሲያነሳ ክንዱን ሊያክል ምንም አልቀረውም።

«ማን ያዘው?»

«እሱ።»

ኪዳኑን ያው የድሮው ቅናት ይዞት ዓሳውን መልሶ ሊያስቀምጠው ቃጣው። «ጥሩ ዓሳ ነው» አለና ቅርፊቱን ይፍቅ ጀመር።