ከጭሱ በኩል ያለው አልጋ

እኔ ስርጉት አጣቢዋ፣ ጥቁርና ነጭ መለየት ሥራዬ ነው። በጠረፍ ከተማችን በሸሕዲ ኡመይር የሚባል ሱዳናዊ ነጋዴ ነጭ ጀላቢያውን ከእኔ በቀር ለማንም አይሰጥም። "አላውቅም" የሚባል ቃል ደግሞ ከአፌ አይወጣም። ባሌ ለይኩን "አንቺ ዳኛ ብትሆኚ ምስክር አይጠራም ነበር" እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፍ። ዘንድሮ ግን ሁሉም ነገር ዞረብኝ።

ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ከጡብ ፋብሪካው አጥር ሥር ነው፤ በሌላው በኩል ወንዝ ያልፋል። ለይኩን እዚያው እሳት አንዳጅ ነው። መጀመሪያ የሚያነዱት የድንጋይ ከሰል ብቻ ነበር። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ጥላሸቱ ገመድ ላይ በተሰጣ ልብስ ላይ ይረግፋል። አንድ ቀን የኡመይር አምስት ጀላቢያ ዝንጉርጉር ሆኖ አገኘሁት። ደሜ ፈላ። እርጥቡን እንዳቀፍሁ ፋብሪካው ውስጥ ዘው ብዬ ገባሁ።

"ይኸን እዩልኝ! የምትጠብሱት ጡብ ነው ወይስ እኔን?"

የፋብሪካው ኃላፊ ሳቀ። "ታዲያ በምን እናንድድ እትዬ?"

"አገሩ ሁሉ የሰሊጥ አገዳ አይደል? ሰሊጡ ተራግፎ ሲያልቅ አገዳው ማሳ ላይ በከንቱ ይነዳል። ስናቃጥለው ኖረናል፤ ማን ሞተ? እሱን ቀላቅሉበት!"

ለሙከራ ብለው ግማሽ ከሰል፣ ግማሽ አገዳ አደረጉት። እሰይ! ያ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ጭስ ሳስቶ ነጣ። ልብሴም እንደ ነጣ ደርቆ ይነሳ ጀመር። ሰፈሩን ሁሉ "ማን አመጣው? እኔ!" እያልሁ ዞርሁ።

ሌላም በረከት አየሁበት። ጭሱ በሚያልፍበት በኩል ቢምቢ ድርሽ አይልም። መቅዲ አንድ ልጄ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። ወባ ክረምቱን ሁለት ጊዜ ጥሏት፣ በሁለተኛው ዓይኗ ተገልብጦ ሐኪም ቤት ያደረስናት በስንት መከራ ነው። በኛ አገር በሙቀቱ ወራት ቤቱ እንደ ምድጃ ስለሚግል የምንተኛው ደጅ ነው። አልጋዋን ጎትቼ ከጭሱ በኩል፣ ከአጥሩ ሥር አደረግሁላት። አጎበሯንም አወረድሁት። ለይኩን አገዳ የሚያስርበት ቢያጣ "እንካ፣ በዚህ እሰር፤ እኛ ቢምቢ የለንም" ብዬ ሰጠሁት።

"እማ፣ ጭሱ ይሸተኛል" አለችኝ መቅዲ።

"ይሽተትሽ! መድኃኒት ነው" አልኋት።

በሦስተኛው ሳምንት ሳል ጀመራት። ደረቅ ሳል። የሰሊጥ አቧራ ነው አልሁ። ብርድ ነው አልሁ። ዳማከሴ አጠጣኋት፤ ወይ ፍንክች። ስትተነፍስ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። እኔ ግን መድኃኒቱ አጠገብ ስላስተኛኋት ልቤ አልፈራም።

ማስተዋል የምትባል ልጅ የመጣች ያን ሰሞን ነው። ጎንደር የምትማር ናት፤ የጭስ ነገር ታጠናለች። አየር የሚስብ ትንሽ መሣሪያ አላት፤ ውስጡ ክብ ነጭ ወረቀት ይገባል፤ ጭሱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ከሰል ብቻ አስነድዳ ለካች፤ በሌላው ቀን ቅልቅሉን። ወረቀቶቹን ስታወጣ አንገቴን አስግጌ አየሁ። የከሰሉ ጥቁር፣ የቅልቅሉ እንደ አመድ ፈዛዛ።

"አየሽ?" አልሁ እየተጎማለልሁ። "ይኸን ለማየት ደግሞ መሣሪያ ምን ያደርጋል? ነይ፣ ልጄ ከምትተኛበትም አንድ ስቀይልኝና ንጽሕናውን እይው።"

ሰቀለችው። ሦስቱንም ወረቀት ጎንደር ልትመዝን ወስዳ በሳምንቱ ተመለሰች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

"እትዬ ስርጉት፣ ፈዛዛው ከጥቁሩ ይከብዳል።"

"እንዴት ተደርጎ?"

"ጥላሸቱ ትልልቅ ስለሆነ ዓይን ያየዋል፤ ልብስ ላይም ይረግፋል። አሁን የሚወጣው ግን ደቃቅ ብናኝ ነው። ልብስ ላይ አያርፍም። ከትንፋሽ ጋር ሳንባ ድረስ ይወርዳል።"

"ነጭ ነው እኮ!"

"ነጭ ነው። ብዙም ነው።"

እጄን አየሁት። ሃያ ዓመት ነጭ ሲያወጣ የኖረ እጅ ነው። ነጭ ከቆሸሸ እኔ ምን አውቃለሁ?

"እሺ፣ ወደ ከሰሉ ይመለሱ?"

"እሱም ይጎዳል።"

"አገዳው ብቻ ይንደድ?"

"እርጥብ ከሆነ እሱም ያው ነው።"

"ታዲያ ምን ይንደድ? ንገሪኛ!"

"አላውቅም" አለች። "ገና አላወቅሁም። አገዳው ሲደርቅ፣ መጠኑም ሲለወጥ ደግሜ መለካት አለብኝ።"

አይ ተማሪ! ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ልላት አፌን ከፈትሁ። እሷ ግን ሦስተኛውን ወረቀት አወጣች። ከሁሉም የፈዘዘ ይመስላል፤ ለእኔ ዓይን ንጹሕ ነበር።

"ከሁሉ የከበደው ይኸ ነው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ልጅዎት ከምትተኛበት የሰቀልነው፤ ጭሱ አጥሩን አልፎ የሚወርደው እዚያ ላይ ነው። ዛሬውኑ ያንሷት። ስለ ሳሏም ሐኪም ይያት።"

ወይኔ ልጄን! እኔ ነኝ ያመጣሁት። እኔው ጮኼ አስቀላቀልሁት፤ እኔው አልጋዋን ጎትቼ አፉ ሥር አስገባኋት።

ከጭሱ ካነሳኋት ደግሞ ቢምቢው ሊበላት ነው። ፋብሪካ ሮጥሁ። "ለይኩን! አጎበሩ የት አለ?"

"የቱ አጎበር?" አለ ላቡን እየጠረገ። "አገዳ ያሰርንበት? ተበጫጨቀ እኮ። ከአገዳው ጋር ጨመርነው።"

"አነደድኸው?"

"አንቺ አይደለሽ 'ቢምቢ የለንም' ያልሽኝ?"

ከዚያ ወጥቼ የሸሕዲን ሱቅ ሁሉ አዳረስሁ፤ አጎበር የለም። ጤና ጣቢያ ሄድሁ፤ "ለዘንድሮ ታድሎ አልቋል" አሉኝ። መቅዲን ግን ነገ በጠዋት ይዘሻት ነይ ብለውኛል።

ቤት ስገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አልጋዋን ከአጥሩ ሥር አንስቼ ጭስ ወደማይደርስበት፣ ወደ ወንዙ በኩል አዞርሁት። ገና ሳላስቀምጠው ቢምቢው ጆሮዬ ሥር ጮኸ። መቅዲ እያሳለች እግሯን ትመታ ጀመር። መልሼ ወደ አጥሩ ሁለት እርምጃ ሄድሁ። ቆምሁ። እንደገና ወደ ወንዙ ዞርሁ።

"እማ፣ በላኝ እኮ! ወደ ጭሱ መልሽኝ።"

"አይሆንም።"

"አንቺ አይደለሽ መድኃኒት ነው ያልሽኝ?"

አልጋውን እንደተሸከምሁ ግቢው መካከል ቆሜያለሁ። ያ ነጭ ጭስ በአጥሩ ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ገመዱ ላይ የኡመይር ጀላቢያ አንድ እድፍ ሳይነካው ተሰጥቷል።

"እማ፣ ታዲያ የት ነው የምተኛው?"

"አላውቅም ልጄ" አልኋት።