የዊልፍ በጎች

ሂልዳ ብርኬት የላይኛውን ሜዳ በር ስትከፍት በጎቹ በካቡ ሥር ተኮልኩለው አገኘቻቸው። የእሷ በጎች ጠዋት ተቆጥረው ወደ ታችኛው ሜዳ ወርደዋል። እነዚህ ግን ትከሻቸው ላይ የጎረቤቷ የኖርማን ማውንሲ ቀይ የመለያ ቀለም አለባቸው። ቆጠረቻቸው፤ ሃያ ሁለት ናቸው።

አንዷን አሮጊት በግ አንገቷን አቅፋ ጆሮዋን ገለበጠች። ጫፉ ላይ ሁለት ብጥ፣ ከሥሩ አንድ፤ የባሏ የዊልፍ ምልክት ነው። ቀለም ይቀየራል፤ የተቆረጠ ጆሮ ግን አይመለስም።

ከሦስት ዓመት በፊት ጋራው የተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ሆኖ ለየቤቱ የበግ ቁጥር ሲወሰን፣ የዊልፍ መንጋ ከተፈቀደለት በአሥራ ሰባት በልጦ ተገኘ። አንድ ሰው ለጥበቃው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፎበት ነበር። ቅጣቱ የመንጋውን ግማሽ አሸጠው፤ በዚያው ክረምት ልቡ ቀጥ አለ። ኖርማን ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ አልቅሷልም። ሂልዳ የደብዳቤውን ቅጂ ያየችው ከቀብሩ በኋላ ነው። የእጅ ጽሑፉ የኖርማን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቂሟን እንደ ጥርስ ሕመም ይዛው ኖራለች። ለካ በጎቹንም በደላላ በኩል በርካሽ የገዛቸው እሱው ኖሯል!

ጋራው ላይ አጥር የለም። ጠቦት እናቱን ተከትሎ የለመደውን መሬት እስኪሞት አይረሳም፤ ሌላ ሰው ቢገዛው እንኳ ሰበብ ፈልጎ ይመለሳል። ኖርማን ይህን አጥቶት አይደለም፤ ርካሽ ነገር ዓይኑን ጋርዶት ነው። ዛሬ የሸለቆው መንጋ ሁሉ ለቆጠራ ከጋራው ሲወርድ እነዚህን እግራቸው ወደ ቤታቸው አመጣቸው።

ኖርማን በባለ አራት ጎማ ሞተሩ እየከነፈ ደረሰ።

«እዚህ ናቸው? ተመስገን! ስሚኝ ሂልዳ፣ የመሥሪያ ቤቱ ቆጣሪ ከአንድ ሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ ናት። እነዚህን ካየች አለቀልኝ። ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ያለኝ ውል ይፈርሳል፤ የሦስት ዓመቱን ድጎማ መልስ ይሉኛል።»

«ምነው፣ በለጠብህ እንዴ?»

«ተሳሳትኩ፤ ሰው አይደለሁ?»

«ዊልፍም ሰው ነበር።»

ኖርማን ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። «እሱን እንኳ አታንሺብኝ። አብረን ነው ያደግነው።»

«አውቃለሁ። ሬሳውንም ተሸክመሃል።»

«በቃ ውሰጃቸው!» አለ እጁን እያወናጨፈ። «ሁሉንም፣ በነፃ! የተፈቀደልሽ ቁጥር ገና አልሞላም። ሰማያዊ ቀለምሽን ቀባ ቀባ አርጊያቸው፣ ማን ያያል? ደግሞስ የዊልፍ አይደሉ? ቤታቸው ገቡ።»

ሦስት ዓመት በሕልሟ ያየቻቸው በጎች ናቸው። ያለ እነሱ የላይኛው ጋራ ኦና ነው፤ አዲስ መንጋ ገዝቶ ከመሬቱ ጋር ለማላመድ የእሷ ዕድሜ አይበቃም።

«ሂድና ሴትዮዋን በወጉ ተቀበላት» አለችው። «እኔ የማደርገውን አውቃለሁ።»

«ድሮም ልብሽ ደግ ነው!» ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ወረደ።

ሰማያዊውን ቀለም ከመጋዘን አመጣችና ክዳኑን ከፈተች። ብሩሹን ነክራ ወደ አሮጊቷ በግ ጎንበስ አለች። እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። ይህ ሰው ባሏን ገደለባት፣ በጎቿን ወሰደባት፤ አሁን ደግሞ ለጋስ ሊባል ነው። በሚቀጥለው ገበያ ቢራውን ይዞ «ለሂልዳማ በጎቿን መለስኩላት» ይላል፤ ሰዉም ትከሻውን መታ መታ ያደርግለታል። እሷም ልታመሰግነው ነው!

ብሩሹን ሣሩ ላይ ጠረገች፤ ክዳኑን በተረከዟ ረግጣ ዘጋችው። ለውሻዋ ለሜግ አፏጨችና በጎቹን ወደ መንገዱ አወጣቻቸው።

መውረዱን አልወደዱትም። አሮጊቷ በግ ሁለት ጊዜ ሾልካ ወደ በሩ ሮጠች። ሁለቱንም ጊዜ ሂልዳ ራሷ የበጓን ጠጉር ጨምድዳ እየጎተተች መለሰቻት። በሦስተኛው በጓ ቆማ አየቻት። ሂልዳ ፊቷን አዙራ ሜግን ላከችባት፤ በሩንም በስተኋላዋ ቀረቀረችው።

ከታች በኖርማን ግቢ ቆጣሪዋ መዝገቧን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቆማለች። ኖርማን ሻይ እየቀዳላት ይስቃል። የሰኮና ድምፅ ሲሰማ ቀና አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

ሂልዳ ቆጣሪዋም እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ኖርማን! በጎችህን አምጥቼልሃለሁ!»