ሠላሳ ከረጢት ዘር

«እማማ ቀስ በሉ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው በችግኝ ጣቢያው አብረዋቸው የሠሩ ሴቶች ናቸው። ውሃ የተሸከመውንም አካፋ የያዘውንም «ቀስ በሉ! ትወድቃላችሁ!» ሲሉ ኖረው ጡረታ ወጡ።

አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው የዛፍ ተመራማሪ ናት። ያን ቀን ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወረወረችው።

«ምነው? አመመሽ እንዴ? ግንባርሽን ልንካው እስቲ።»

«እኔ ደህና ነኝ እማምዬ። የታመመው ሥራዬ ነው።»

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እሳቸው ያፈሉት ችግኝ የተተከለበት ኮረብታ አለ። ዛፎቹ ያብባሉ፣ ፍሬም ይይዛሉ፤ ፍሬው ሲሰበር ግን ባዶ ነው። የልጅ ልጃቸው ከመቶ ዛፍ ቅጠል ቆርጣ አስመረመረች። ውጤቱ «ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አለ። የችግኝ ጣቢያው መዝገብ ደግሞ ዘሩ ከሠላሳ እናት ዛፎች ተለቀመ ይላል።

«አለቃዬ፣ አንድ ጥግ ቆመሽ ነው የቆረጥሽው አለኝ። ቅጠል መልቀም ፍየል እንኳ ታውቅበታለች ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። ነገ ጥፋቴን አምኜ ካልፈረምኩ ከጥናቱ ያስወጣኛል።»

«ዞረሽ ነው የቆረጥሽው?»

«እግሬ እስኪላጥ!»

እማማ ቀስ በሉ ያ የዘር ለቀማ ትዝ አላቸው። ያኔ ዘር ለቃሚዋ የገዛ ልጃቸው፣ የዚህችው እናት ነበረች። ትእዛዙ ከሠላሳ ዛፍ፣ መቶ መቶ እርምጃ እየተራራቁ ልቀሙ ይል ነበር። ልጃቸው ገና ዘሩ ከሚለቀምበት ጫካ ዳር ለብቻው የቆመውን ዛፍ ስትወጣ እግሯ ሸርተት አለና ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ተረፈች። ከዚያ ወዲያ እማማ ዛፍ አላስወጧትም። ያንኑ ዛፍ ከመሬት ሆነው በረጅም ዘንግ እያራገፉ ሠላሳውን ከረጢት ሞሉ። በየከረጢቱም ላይ፣ በዚያ በሚመሰገኑበት የእጅ ጽሕፈት፣ ከአንድ እስከ ሠላሳ ቁጥር ጻፉ።

«አትፈርሚ፣ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አንድ ዛፍ ነው። ሠላሳ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የልጅ ልጃቸው መጀመሪያ ሳቀች። ፊታቸውን ስታይ ሳቁን ተወችው።

«እናቴ ታውቃለች?»

«ዝም በይ ብያታለሁ። ብትወድቅብኝስ? አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

«ለብቻው የቆመ ዛፍ እኮ፣ እማምዬ፣ ንብ የምታመላልስለት የራሱን የአበባ ብናኝ ነው። ከራሱ ጋር ተዳቀለ። ልጆቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው። ምን ጤና ይኖራቸዋል?»

«እንደገና ከጫካው እንልቀም። መሰላሉን እኔው እይዛለሁ።»

«የቱ ጫካ? መንገዱ ሲሠራ ተመንጥሮ አለቀ እኮ። ዘሩን ይዞ የቀረው ያ ኮረብታ ብቻ ነበር።»

እማማ ቀስ በሉ ይህን ሲሰሙ ወረቀት አምጪልኝ አሉና የሠሩትን አንድ ሳያስቀሩ ጽፈው ፈረሙበት። የልጅ ልጃቸው አንብባ ቁጣዋ በረድ አለ።

«ይሄ እኔን ያድነኛል» አለች። «አሁን ደግሞ ከሥር በጫካው የነበሩትን የሌሎቹን ዛፎች ቦታ ጻፊልኝ። ከጉቶው ያቆጠቆጠ ካለ አንድ በአንድ እፈልጋለሁ። አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። አልጻፉም። ያኔ ከዳሩ ዛፍ አልፈው ወደ ጫካው ውስጥ አንድ እርምጃ እንኳ አልገቡም ነበር።