ኬያ የተቆለፈባት ቀን

ኬያ ሻንያል እንደሚቆለፍባት ሲነገራት በደስታ የምትሆነው ጠፋት። በህንዷ ኮልካታ ለዱርጋ አምላክ በዓል የሚወጡት ወፋፍራም መጽሔቶች ሙሉ ልብ ወለድ ይዘው ነው የሚወጡት፤ የዘገየ ደራሲ ሥራውን እስኪጨርስ መጽሔቱ ቤት ፎቅ ላይ ይቆለፍበታል፣ ምግቡም እዚያው ይወጣለታል። ታዲያ ይህ ለማንም አይደረግም። ስም የሌለውን ከነመዘግየቱ ይረሱታል እንጂ ማን ቁልፍ ያባክንበታል?

ኬያ አስተማሪነቷን ትታ በብዕሯ ማደር ከጀመረች ወዲህ የመጣላትን ሥራ ሁሉ እሺ ትላለች። ዘንድሮ የበዓሉ ልብ ወለድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደርሳት የሬዲዮ ድራማውንም፣ የልጆቹን ተረትም፣ የሳሙናውን ማስታወቂያም አልተወችም። እምቢ ያሉት ሰው ተመልሶ አይመጣም ብላ ትፈራለች። ከምሳ በኋላ አገሩ ሁሉ የሩዝ እንቅልፉን ጋደም ሲል እሷ ትጽፋለች፤ ሌሊትም ትጽፋለች። የግራ ዓይኗ ቆብ በራሱ ጊዜ ይርገበገባል፣ የእጇ አንጓ በፋሻ ተጠምጥሟል። እናቷ በሩ ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ። ድሮም ቀጭን ነበርሽ፣ አሁን ጥላሽ ብቻ ቀረ።»

«እማ፣ ሊቆለፍብኝ እኮ ነው!» አለችና ዝናቡ ውስጥ ወደ ሪክሾው ሮጠች።

የመጽሔቱ አዘጋጅ፣ ሁሉም እንደ ታላቅ ወንድም ቶፖን ዳ እያለ የሚጠራው ሰውዬ፣ የላከችለትን ምዕራፎች ፊቱ ዘርግቶ ጠበቃት። ፈገግታ የለም። አንዱን ገጽ አነሳና ያነብላት ጀመር። ምርናሊኒ የምትባለው ባለታሪክ ወንዝ ዳር፣ የአባቷ አስከሬን የሚቃጠልበት እንጨት ፊት ቆማለች። እንባዋን ጠርጋ ትናገራለች፤ የምትናገረውም ቆዳን እንደ ሐር ስለሚያለሰልስና መዓዛው ቀኑን ሙሉ ስለማይጠፋ ነገር ነው።

«ሰውዬው እየተቃጠለ እኮ ነው፣ ኬያ» አለ ቶፖን ዳ። «ሳሙናው ምን ያደርግልኛል ይበል?»

ኬያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ማፍሰሷንም አላወቀች። ቶፖን ዳ ነገሩን አላሽሞነሞነላትም። ቅዳሜ ጠዋት መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ይኼ ቦታ ካልተስተካከለና የቀሩት ሁለት ምዕራፎች ካልደረሱ ሌላ ደራሲ ልብ ወለዱን አዘጋጅቶ ተቀምጧል። ስልኳን ተቀበላትና ፎቅ አውጥቶ ቆለፈባት።

ክፍሏ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት ነበራት። ጠረጴዛው ላይ ከእሷ በፊት የተቆለፈባቸው ሰዎች ስማቸውን በምላጭ ጭረውበታል። በጣቷ እየዳበሰች አነበበችው። ምሳ መጣ፦ ትኩስ ሩዝ በምስር፣ የተጠበሰ የሂልሳ ዓሣ። ጥርግ አድርጋ በላችና አንድ ምዕራፍ እስካስብ ድረስ ብላ አልጋው ላይ ጋደም አለች።

ስትነቃ ቁራዎች ይጮሃሉ። የመሸ መስሏት ነበር፤ በሩ ሥር ግን ያልተነካ እራት ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ነግቷል፣ ያውም ዓርብ ነው። ራሷን ልትመታ ምንም አልቀራት። እየተርበተበተች ወረቀቱን ሳበችና የሳሙናውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘችው።

ያኔ ምርናሊኒን አየቻት። ስትጽፋት ከርማ እንጂ አይታት አታውቅም ነበር። ልጅቷ ምንም አትናገርም። የአባቷ መነጽር እጇ ላይ ቀርቷል፤ ሁልጊዜ ጠዋት እንደምታደርግለት በትንፋሿ እፍ ብላ በሳሪዋ ጫፍ ትወለውለዋለች። ከዚያ አንስታ ልታደርግለት ስትል፣ የምታደርግለት ፊት የለም።

ኬያ ይህን ጽፋ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ደግሞ ሳቀች። ደስታው አላስቀምጥ ብሏት በሩን በሁለት እጇ ደበደበች። ቶፖን ዳ ስልኳን እንደያዘ እየሮጠ ወጣ።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም። ያንብቡልኝ።»

ቆሞ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ደረጃው ራስ ድረስ ሄደና ለዚያ ለሌላው ደራሲ ልብ ወለዱን ለሚመጣው ዓመት እንዲያቆይ ንገሩልኝ ሲል ወደ ታች ተጣራ።

በዚህ መሃል ቶፖን ዳ እጅ ላይ የኬያ ስልክ ጠራ፤ አቀበላት። የሳሙናው ድርጅት ሰውዬ ነበር፤ ማስታወቂያው የት ደረሰ ይላል። ኬያ ይቅርታ ጠየቀችው፤ አልችልም፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ አለችው። ሰውዬው ሁለተኛ ስሟን እንደማይጠራ ነግሯት ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ይኸው፣ የምትፈራው ደረሰ። ሬዲዮዎቹ ጋም ደውላ ድራማውን ተወችው። ተረቱንም ተወችው። ስትጨርስ የምር ራባት።

«በይ እንግዲህ ተቀመጪ፣ ሌሊቱን ሁሉ ትጽፊያለሽ» አለ ቶፖን ዳ።

«እስከ ምሳ እጽፋለሁ። ምሳዬን እበላለሁ፤ ከዚያ እተኛለሁ።»

«ነገ እኮ ማተሚያ ቤት ነው፣ ኬያ! ምርናሊኒን ወንዝ ዳር አቁመሻት ልትተኚ?»

«ትጠብቀኛለች» አለች ኬያ፣ ብዕሯን እያነሳች። «ሳልተኛ ስሄድላት ነው ያጣኋት።»